ዓይንህን ጨፍን

ማለዳ ነው ገና፣ ጣና ጉም ለብሶ፣
ሌሊቱን ያደረው ሊያስረክበን ደርሶ፣
የኔነሽ ከኋላ ትገባለች ቀድማ፣
በሩን ትዘጋለች፣ እስኪሆን ጨለማ።
«ዓይንህን ጨፍን።»
ጨፈንኩ።
«አምቡ ባግ?»
«በግራ፣ ሁለተኛው ኪስ።»
«የሕፃኑስ?»
«ከሱ ሥር፣ ከትንሿ ጭምብል ጋር።»
«የኦክስጅኑ ቁልፍ?»
እጄ እንደ እንግዳ ሰው ግድግዳውን ዳበሰ፣
ጓንት አገኘ፣ ፋሻ አገኘ፣ ባዶውን ተመለሰ።
«ሞተ» አለችኝ፤ «በሽተኛህ ሞተ። ካንድ ጀምር።»

ሁለት ወር እንዲህ ገደልኩ፤
በቀን ሦስት፣ አራት ሰው፣ ቁርሴን ሳልበላ።

መኪናችን ስጦታ ናት፣ ባሕር አቋርጣ የመጣች፣
ለለሰለሰ መንገድ፣ ለረዥም ሰው የተሠራች።
መሳቢያው ሁሉ ስም አለው፣ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣
መስታወቷ ላይ ወረቀት፣ ጠርዙ በፀሐይ የረገፈ፦
«ደረጃዋን ያሟላች»።
ታሟላ። እኔ ግን ቀበቶ አስሬ ስቀመጥ፣
መምጠጫው አንድ ክንድ ይርቀኛል፣ ብንጠራራ ብለመጥ።
ወይ ራሴን ላስር፣ ወይ በሽተኛውን ላድን፣
ሁለቱን ባንድነት የከለከለኝ ማን?
ያን ንድፍ የሣለው ሰው እዚያ ወንበር ላይ፣
በክረምት፣ በሌሊት፣ ተቀምጦ ያውቃል ወይ?

ሾፌራችን አንማው የራሱን ትምህርት ያውቃል፦
ከወደቡ እስከ ሆስፒታል ስንት ጉብታ ይቆጠራል፣
የትኛው ጉድጓድ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ሰፍቷል፣
ሦስተኛው ጉብታ ላይ የትኛው መሳቢያ በራሱ ይከፈታል።

ነሐሴ ነው። ከዘጌ አንዲት ጀልባ መጣች፣
የእጅ ባትሪ እያበራች፣ እያጠፋች።
ይታይሽ ውኃው ላይ ወልዳለች።
ባሏ በጋቢው የጠቀለለውን ሰጠኝ፤
ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ ድምፅ የሌለው።
በሩ ተዘጋ። ተነሣን።
መብራቱ ጠፋ።
«ፊውዙ ነው!» አለ አንማው ከፊት፤ መኪናዋን ግን አላቆመም።
ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤
የኔነሽ እናቲቱን በክንዷ ይዛለች፣
ለኔ ምንም አላለችኝም።
እጄ ብቻውን ሄደ።
ግራ። ሁለተኛው ኪስ፤ አይደለም፣ ከሱ ሥር።
ትንሿ ጭምብል።
መምጠጫው፤ ቀበቶዬን ፈታሁ፤
ሦስተኛው ጉብታ።
ግንባሬ ከብረቱ ጋር ተዋወቀ፣
ደሙን የጠረግኩት በኋላ ነው።
ቁልፉ ከጠርሙሱ አንገት ላይ ነበር፣
ሁልጊዜም እዚያው ነበር።
ጨመቅሁ። ለቀቅሁ። ሁለት፣ ሦስት።
ጨመቅሁ። ለቀቅሁ።
ስንተኛው ላይ እንደሆነ አልቆጠርኩም፣
ዘይት እንደተነፈገ ማጠፊያ አንድ ነገር
ሲጥ አለ፤
ከዚያ አለቀሰ፤
ከዚያ እናቱ፣
ከዚያ፣ አልዋሽም፣ እኔ።

በማግስቱ አንማው ከዓሣ አጥማጆቹ ገመድ ለምኖ፣
መምጠጫውን ወደኔ ሳብነው፣ ታሰረ ተጠግኖ።
መሳቢያዎቹን በፕላስተር፣ በወፍራም እስኪብርቶ፦
«ትንፋሽ»፣ «ደም»፣ «ምጥ»፤
ለጨለማው ደግሞ በየእጀታው ቋጠሮ፤
ለትልቅ ሰው አንድ፣ ለሕፃን ሁለት።
ይታይሽ በዐሥረኛው ቀን ሎሚ ላከችልን፣ አንድ ዘንቢል፤
ሎሚውም መቀመጫ አጥቶ ከፋሻው ጋር ሰነበተ።

በጥቅምት መርማሪ መጣ፣ ቅጽ በብብቱ ይዞ።
ጎማውን አየ፣ ሳይረኑን ሰማ፣ ጎንበስ አለ፣
ገመዱ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለዋወጠ፤
«ይህ ምንድን ነው? ይህ ቋጠሮስ?»
ጻፈ፦ «ከደረጃ ውጪ»፤ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረ።
አንማው አፉን ሊከፍት ነበር።
የኔነሽ አልተከራከረችም፤
«ይግቡ» አለችው፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣
ቀበቶውን ራሷ አሰረችለት፣
ቅጹን ከእጁ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አኖረች፣
በሩን ዘጋች።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

አንማው ሞተሩን አስነሣ።